ደብዳቤ ለልጄ፦ ልብሱን ገልብጪው፣ ሥጋውን መጨረሻ ግዢው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ልብስሽንም የሳምንት አስቤዛሽንም በአንድ ቀን ከትልቅ መደብር ልትገዢ ነው ብለሽኛልና፣ ከመሄድሽ በፊት ይህን አንብቢ።

እንዲህ ያለ መደብር ውስጥ የዋጋ ክርክር የለም፤ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። ይህን አሠራር ካስለመዱት አንዱ ከ1852 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለውን ትልቅ መደብር ያሳደገው አሪስቲድ ቡሲኮ ነው። ዋጋ ቁርጥ ሲሆን ያልተመቸን ዕቃ መመለስም አብሮ ተፈቀደ። ስለዚህ አንቺ የምትከራከሪው በዓይንሽ፣ በጣትሽና በደረሰኝሽ ነው።

ምግቡ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ልብሱ ከላይ ፎቅ ነው። በበሩ ስትገቢ የዳቦው ሽታ ቢጠራሽም አልፈሽው ወደ ፎቁ ውጪ፤ ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ልብስ መለካት በቀላሉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሥጋ፣ ዓሣና ወተት ግን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ጀርም ቶሎ ይራባባቸዋል፤ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም። የቤት መንገድሽም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ፤ የተራበ ሰው ዘንቢሉን የሚሞላው በሆዱ ነው።

ቁጥርን አትመኚ። የአንዱ ፋብሪካ 38 የሌላው 40 ሊሆን ይችላል። ቤት ሳለሽ በጣም የሚስማማሽን ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ በሴንቲ ሜትር ለኪና ጻፊው። ለሱሪም ወገቡንና የእግሩን የውስጥ ርዝመት እንዲሁ ያዢ። ሜትርሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና መደብሩ ውስጥ ልብሱን ዘርግተሽ አስተያዪ፤ ግማሹን ሳትለብሺው ትጥይዋለሽ።

ቀጥሎ ልብሱን ገልብጪው። ፊቱ ለሻጭ፣ ውስጡ ለገዢ ነው። ስፌቱን በሁለት እጅሽ ግራና ቀኝ ሳብ አድርጊው፤ ክሩ ተከፍቶ ብርሃን ካሳየሽ፣ ሁለት ጊዜ ስትቀመጪበት ይተረተራል። የሱሪውን የኋላ መሐል ስፌት እዪ፦ ወደ ውስጥ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ከተተወለት ልብስ ሰፊ ሊያሰፋልሽ ይችላል፤ ጠርዙ ድረስ ተቆርጦ ከተዘመዘመ ግን ለማስፋት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ የለውም። መስመር ወይም አራት ማዕዘን ያለው ጨርቅ ከሆነ ኪሱና ጎኑ ላይ መስመሩ መግጠሙን ተመልከቺ። አለመግጠሙ ዓይን ያስቀይማል ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ጨርቅ ለመቆጠብ ተቻኩለው እንደቆረጡት ይነግርሻል፣ እንዲህ የተቆረጠ ልብስም ሲታጠብ ሊጣመም ይችላል።

ጫፉን በጭብጥሽ ጨምቀሽ እስከ 10 ቆጥረሽ ልቀቂው። እንደተጨማደደ ከቀረ፣ ቢሮ ደርሰሽ ከወንበር ስትነሺም እንደዚያው ነው። የሹራብ እጅጌ ጫፍ ለጥጠሽ ስትለቂው ካልተመለሰ ደግሞ ተዪው። ለደማቅ ቀለም ነጭ መሐረብ ትንሽ ረጠብ አድርገሽ በውስጥ በኩል እሺው፤ መሐረቡን ካቀለመው ሌላውን ልብስሽንም ያቀልመዋል።

ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ሳታነቢ ገንዘብሽን አታውጪ። የውሃ ገበታ ሥዕል ላይ 30 ካለ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሞቀ ውሃ አይታጠብም። የካውያ ሥዕል ላይ አንድ ነጥብ ዝቅተኛ፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ሙቀት ማለት ነው። ሦስት ማዕዘኑ ስለ በረኪና፣ ክቡ ስለ ላውንደሪ ነው፤ ኤክስ የተደረገበት ሁሉ ክልክል ነው። ላውንደሪ ብቻ የሚገባ ልብስ በርካሽ ብታገኚው እንኳ ወጪው ገና አላለቀም።

መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ቆመሽ መስታወት ማየት አይበቃም። ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ጎንበስ በይ። የትከሻው ስፌት በትከሻሽ አጥንት ጫፍ ላይ ይረፍ። ርዝመትና ወገብ በቀላሉ ይስተካከላል፤ ትከሻ ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ቀለሙን ወደ መስኮት ወስደሽ እዪው፤ በመደብር መብራት ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አይለዩም።

ቅናሽ የተለጠፈበትን «ይመለሳል ወይ?» ብለሽ ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። ብዙ ቦታ የቅናሽ ዕቃና የውስጥ ልብስ አይመለስም።

አሁን ወደ ምግቡ ውረጂ፤ እዚህ ፈጠን በይ። የማሸጊያውን ዋጋ ተዪና የኪሎውን ዋጋ አስተያዪ፤ ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ቆርቆሮው ካበጠ ወይም መጋጠሚያው ላይ ከተጨረማመተ አትንኪው። «እስከዚህ ቀን ተጠቀሙ» የሚለው የጤና ጉዳይ ነው፤ «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» የሚለው የጣዕም ነው፣ በማግስቱ አይጣልም። የእንቁላሉን ካርቶን ከፍተሽ እያንዳንዱን ነቅነቅ አድርጊ፤ ያልተንቀሳቀሰው ከሥር ተሰብሮ ተጣብቋል። የበረዶ አትክልት ከረጢት ሲዳሰስ እንደ ጠጠር መንከባለል አለበት። አንድ ድንጋይ ከሆነ ቀልጦ ዳግም በርዷል።

ሥጋና አይብ ቆርጠው በሚሸጡበት ቦታ የመጠቅለያው ወረቀት ክብደት ተቀንሶ ሚዛኑ ከዜሮ መጀመሩን እዪ። ከፊት የደረቀውን ቁራጭ ሳይሆን አዲስ እንዲቆርጡልሽ ጠይቂ፤ ማፈር አያስፈልግም፣ ሥራቸው ነው። ጥሬውን ሥጋ ለብቻው በከረጢት አሳስረሽ ከሥር፣ ቀዝቃዛውን ከቀዝቃዛው ጋር አድርጊ። ከአዲሱ ሹራብሽ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ እንዳይገባ፤ የሥጋ ውሃ የነካውን ልብስ ማንም አይቀበልሽም።

ደረሰኙን ከገንዘብ ተቀባዩ ሳትርቂ አንብቢው፦ ሁለት ጊዜ የተመታ ዕቃ፣ ያልተቀነሰ ቅናሽ። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ ካገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ቤት ስትደርሺ መጀመሪያ ፍሪጁን፣ ከዚያ ልብሱን። ካለሽ ጫማና ቀሚስ ጋር አንዴ ለክተሽ እስክታዪው ድረስ የተንጠለጠለውን ካርድ አትበጥሺ።

እናትሽ