ለልጄ፦ ቅዳሜ አትሻገሪ

ልጄ፣ እንኳን ለ26ኛ ዓመት ልደትሽ በሰላም አደረሰሽ። ቀኑ ገና ነው፤ አምስት ቀን ይቀረዋል። ግን ዛሬውኑ ልጻፍልሽ። በስልክ ከጀመርኩት እጮሃለሁ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል።

ቅዳሜ ከሳን ዲዬጎ ድንበሩን ተሻግረሽ ሜክሲኮ፣ ቲጁዋና ልትሄጂ ነው አሉኝ። ለእናትሽ የነገረቻት አብራሽ የምትኖረው ልጅ ናት። አትቆጪያት። ደስ ብሏት ነው ያወራችው። "ልደቷን ማዶ ልናከብርላት ነው፣ ታኮ በልተን ማታ እንመለሳለን" አለቻት። እናትሽም "ጎሽ፣ ተዝናኑ" ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም።

አትሻገሪ።

ጓደኞችሽ አንዷ ፓስፖርት አላት፣ ሌሎቹ ግሪን ካርድ አላቸው። ለእነሱ ሽርሽር ነው። ያንቺ አሳይለም፣ የጥገኝነት ማመልከቻሽ፣ ገና አልተወሰነም። ጠበቃሽ የነገረችሽን እኔም አጠገብሽ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ አንቺው ነሽ ያስተረጎምሽልኝ። አድቫንስ ፓሮል የሚሉትን፣ ከመውጣት በፊት የሚሰጠውን የመመለሻ ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ለአንድ ዓመት ይውጣ፣ ለአንድ ምሳ ይውጣ፣ ያው ነው። ያን ወረቀት ይዞ የወጣም ቢሆን መግባቱን የሚወስነው በሩ ላይ ያለው መኮንን ነው። አንቺ ደግሞ ወረቀቱም የለሽም።

"ስንሄድ ማንም አይጠይቅም" ብለውሽ ይሆናል። በመኪና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። እኔ ወደ 30 ዓመት የሞያሌን መንገድ ነድቻለሁ። ድንበር የሚጠይቅሽ ስትመለሺ ነው።

መንገዱንም ልንገርሽ፤ አይቼዋለሁና። ሾፌር ነኝ፣ ሰሌዳ ሳላነብ አላልፍም። በ5ኛው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስትወርጂ፣ 805ኛው ጎዳና ከሱ ጋር የሚገናኝበት አካባቢ "የመጨረሻው የአሜሪካ መውጫ" የሚል ሰሌዳ አለ። ያንን የሳተ መኪና መዞሪያ የለውም። ቀጥሎ ሜክሲኮ ነው። የምትነዳው ልጅ ስልኳን እያየች ብታልፈውስ? ስለዚህ "እስከ ድንበሩ ሸኝቻቸው ልመለስ" የሚባል ነገር የለም። በትሮሊም፣ በከተማው ባቡር፣ አትሂጂ። የሰማያዊው መስመር መጨረሻ ሳን ይሲድሮ ነው፤ ከዚያ እስከ በሩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እግር ደግሞ ጓደኛን ይከተላል።

አምና ላስ አሜሪካስ የወሰድሽኝን ቀን ታስታውሻለሽ? እዚያው መጨረሻው መውጫ ላይ ያለው ትልቁ ገበያ። ጫማ ልግዛልህ ብለሽ እጄን ስትጎትቺ አልገባም አልኩሽ። ቀኑን ሙሉ ተኮራረፍን። "አባዬ ዋጋው አሳስቦት ነው" ብለሽ ለእናትሽ ነገርሻት። ዋጋው አልነበረም፣ የኔ እናት። ከዚያ ቦታ የድንበሩ አጥር ይታያል። አጥርና ጫማ አንድ ላይ ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ።

ኬንያ ያለውን የስደተኞች ካምፕ፣ የዋልዳን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ጅቡን፣ የውኃውን ሰልፍ፣ አሸዋውን፣ ሁሉንም ከወንድምሽ ጋር ምንጣፍ ላይ ተጋድማችሁ ሰምታችሁታል። ሁልጊዜ የምጀምረው "ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ከሕዝቡ ጋር ወደ ኬንያ ሸሸሁ" ብዬ ነው። ውሸቴን ነው። አልሸሸሁም። ጫማ ልገዛ ነው የሄድኩት።

የ20 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳት። ጭነታችንን ሞያሌ አራግፈን ሾፌሩ ጎማ ያስጠግናል። ሞያሌ ሁለት ናት፣ ስሟ አንድ ነው። ከኬላው ወዲህ መኪና በቀኝ ይነዳል፣ ከኬላው ወዲያ በግራ። በእግር ምንም አይደለም። ያኔ ሁሉም ሰው ተሻግሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። ማዶ አንድ ሱቅ ውስጥ ነጭ የሸራ ጫማ አይቼ ልቤ እሱ ላይ ቀርቷል። "አንድ ሰዓት ብቻ" አልኩት ሾፌሩን። "ዛሬ ይቅርብህ፣ ነገሩ ደስ አላለኝም" አለኝ። መንግሥቱ ከአገር ወጣ የተባለ ሰሞን ነበር። እኔ ግን ሄድኩ።

ጫማውን አድርጌ፣ አሮጌውን በላስቲክ ይዤ ስመለስ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ወታደሩ ከነመሣሪያው፣ እናት ከነልጇ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ከኋላቸው ተኩስ ይሰማል። ወደ አገሩ የሚሄድ እኔ ብቻ ነበርኩ። ገፍቼ ማለፍ አቃተኝ። የኬንያ ፖሊሶች ከሸሹት ጋር ቆጠሩኝ። ጫማ ልገዛ ነው የመጣሁት ብል ማን ይሰማኛል?

ዓመት ከአራት ወር ቆየሁ። ጫማውን ዋልዳ በገባሁ በሳምንቱ በአንድ ጀሪካን ለወጥኩት።

ሾፌሩ እስኪመሽ ጠበቀኝ አሉ። ከዚያ መኪናውን አዳነ፤ ምን ያድርግ። አዲስ አበባ ሲገባ ለአያትሽ "ልጅሽ ጠፋ" አላት። ወራት ጠብቃ ወሬ ስታጣ እርሟን አወጣች። ልብሴን ለነዳያን ሰጠች። ስመለስ በሩን የከፈተችልኝ ጥቁር ለብሳ ነው። ስሜን አልጠራችም። እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ልቤ ይመታ እንደሆነ ታዳምጣለች። ብዙ ቆይታ "ምን ወሰደህ?" አለችኝ። "ጦርነቱ ነው እማዬ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ኖረች። እስከ ሱቅ ልሂድ ብል በር ድረስ ትከተለኛለች። አንቺንም ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄጂ በር ላይ ቆማ፣ ከዓይኗ እስክትጠፊ ታይሽ ነበር። "አያቴ ፈሪ ናት" እያልሽ ትስቂባት ነበር። ፈሪ አልነበረችም። እኔ ነኝ እንደዚያ ያደረግኳት። 17 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "እማዬ፣ ጫማ ልገዛ ሄጄ ነው" አላልኳትም። በመጨረሻ ሆስፒታል ሳስታምማት እንኳ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

እንግዲህ አትሻገሪ ስልሽ ይሄ ነው። ያንቺ ነገር ከእኔ ይከፋል። ለእኔ የተዘጋብኝ መንገድ በዓመቱ ተከፈተ። ያንቺ ከተዘጋ መቼ እንደሚከፈት የሚነግርሽ የለም፤ የደከምሽበት አራት ዓመትም ሜዳ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራ። ባለፈው ወር ቤት ቀይረሻል። አድራሻ ሲቀየር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው። አሳውቀሻል? ካላሳወቅሽ ዛሬ፣ ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ። የኢንተርቪው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ሄዶ ቢጠፋስ? ወርክ ፐርሚትሽን፣ የሥራ ፈቃድሽን፣ እዪው። ሊያልቅ 180 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ማሳደስ ይቻላል፤ እንዳምናው መጨረሻውን ሳምንት አትጠብቂ። ሎስ አንጀለስ ስትሄጂም ሳን ክሌሜንቴ ጋ መፈተሻ ኬላ አለ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ በረሃው ሄደሽ ስትመለሺም ልታገኚ ትችያለሽ። ወረቀትሽ ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን።

በልደትሽ ቤት ተቀምጠሽ አልቅሺ አላልኩም። ታኮ ከሆነ ናፍቆታችሁ ባሪዮ ሎጋን ሂዱ። ያ የኮሮናዶ ድልድይ ሥር ያለው፣ ምሰሶው ሁሉ ሥዕል የሆነበት ፓርክ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ድልድዩና አውራ ጎዳናው ሰፈራቸውን ሰንጥቆት፣ ይባስ ብሎ ቦታው ለትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ ሊሆን ሲል በፈረንጅ 1970 ነዋሪዎቹ ወጥተው መሬቱን ያዙት አልሽኝ። እንደዚያ ያለ ሰው የሠራው ምግብ ይጣፍጣል። ማዶ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?

ከዚያ ወደ ፖይንት ሎማ ውጡ። ካብሪዮ ሐውልት ጋ፣ ነፋሱ ባርኔጣዬን የወሰደብኝ ቦታ። ባሕረ ሰላጤው፣ ከተማው፣ ሰማዩ ከጠራ የቲጁዋና ተራራ ሳይቀር ይታያል። ማዶን ከዚያ እዪው። እሑድም ከቀኑ 8 ሰዓት ባልቦዋ ፓርክ ያ ትልቁ ኦርጋን በነጻ ይሰማል፤ ጓደኞችሽን ውሰጃቸው። ተቀምጬ እንባዬ የመጣበት ነው፤ ፀሐዩ ነው ብዬሽ ነበር።

ፀሐዩን አትናቂው። ከባሕሩ የሚመጣው ንፋስ እያቀዘቀዘሽ አይሰማሽም፣ ማታ ግን ፊትሽ ይቃጠላል። ቅባትሽን ተቀቢ። ለማዕበል ጀርባሽን ሰጥተሽ ፎቶ አትነሺ። ሰንሴት ክሊፍስ ጫፉ ላይ አትቁሚ፤ አፈሩ ይናዳል። ኢምፔሪያል ቢች ላይ ከሆናችሁ ውኃው ውስጥ አትግቢ። ከቲጁዋና ወንዝ የሚመጣው ፍሳሽ ባሕሩን ስለሚበክለው ነው ሰሌዳ የሚተክሉት። ወደ ባሕሩ የሚገባው የእግረኛ ድልድይ ላይ ተራመጂ፣ አሣ አጥማጆቹን እዪ፣ ተመለሺ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሰው ልካለች። ረቡዕ ኤል ካሆን ቡሌቫርድ፣ እንጀራ የምትገዢበት ሱቅ ይደርስልሻል። ሽሮውን ለብቻ አስቀምጪው፤ የጾም ነው።

ቅዳሜ በእናንተ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት እንደውላለን። በቪዲዮ አንሺ። የት እንዳለሽ ከኋላሽ እንዳየው።

ደግሞም እናትሽ የጫማውን ነገር አታውቅም። 29 ዓመት አብረን ስንኖር ለእሷም "ሸሸሁ" ነው ያልኳት። ስትደውዪ አታንሺባት። እስከ ቅዳሜ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

አባትሽ