የአማርኛ ክበብ፦ መነመነ ወይስ ተዳከመ?

ጥቅምት ላይ 34 ሆነን ጀመርን። ሰኔ ላይ አቴንዳንስ የፈረሙት 12 ናቸው። በዚህ ዘገባ ረቂቅ ላይ "ክበቡ ተዳክሟል" ብዬ ብጽፍ ልጆቹ አኮረፉ። "ቲቸር፣ መነመንን እንጂ አልተዳከምንም!" ልክ ናቸው። የሚዳከመው አቅም ነው። የታመመ ሰው ሰውነት፣ የሚጨፈጨፍ ደን፣ ወር ሳይሞላ ደመወዝ ግን ይመነምናል። ተስፋም እንዲሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሹራብ ነው። ኅዳር ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የዩኒፎርም ሹራቧን ክርን ወደ መስኮቱ አስጠግታ "ይሄ ምን ሆነ ይባላል?" አለች። ግማሹ "ሳሳ"፣ ግማሹ "ነተበ" አለ። ሁለት ዓርብ ተከራከርንበት። በመጨረሻ ተራ አስያዝናቸው። መጀመሪያ ይሳሳል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ቀጥሎ ይነትባል፤ ክሩ ይቆጠራል። ከዚያ ጣት ይገባል። ደመናና ፀጉርም ይሳሳሉ፤ "ነተበ" ግን ከጨርቅ ብዙም አይርቅም። (ለልጅ መሳሳት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ለብቻው አንድ ዓርብ በልቶብናል።)

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ከየቤቱ ቃል ይዞ መጣ። ቡሎን ይላላል፣ ክንድ ይዝላል፣ ቢላ ይዶለዱማል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም መብራቱ ይፈዛል። የተደጋገመ ቀልድ ይሟሽሻል፤ ይህን በተግባር ያሳዩን ልጆች አሉ። የተሰበሰበውን በሚኒ ሚዲያ ስምንት ጊዜ አቀረብን። ሁለቴ መብራት ጠፍቶ ቀረ።

ትልቁ ክርክር በሐረር አቅራቢያ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ለጫትና ለአትክልት ሲሳብ፣ ለከተማ ሲቀዳ፣ ከዳገት የታጠበ አፈር ሲሞላበት ቆይቶ በ1990ዎቹ ደረቀ። አንዱ "ጎደለ ቢባል ይበቃል" አለ። ሌላዋ "የጎደለማ በክረምት ይሞላል፤ ይሄ እኮ ከዓመት ዓመት ነው፤ መነመነ ነው" ብላ አፉን አስያዘችው። ግን ውሃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። የመነመነ ሐይቅ ሲመለስ ምን ሆነ ይባላል? "ለመለመ" ያለ ነበር። ቅርፁ እንኳ መንታ ነው፤ መን መን፣ ለም ለም። ለደን ያምራል፣ ለውሃ አይሆንም። "አገገመ" ደግሞ የበሽተኛ ነው። "ሞላ" ብቻ ቀረን። እኔ አልረካሁም። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመው ቁልፋቸውን እስኪያቅጨለጭሉብን ድረስ አልተነሳንም።