ቀዝቃዛ ጋዞች ዘይትና ውሃ አይደሉም

ክቡር አዘጋጅ፣

እጅግ ስለቀዘቀዙ የኳንተም ጋዞች፣ ማለትም አቶሞቻቸው ከቅዝቃዜው ብዛት እንደ ሞገድ ስለሚሆኑ ጋዞች፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ስጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ሙያ የሚጽፍ ሚዲያ ማግኘት ቀላል አይደለምና። መሃል ላይ ያለችው አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ሁለት ጋዞች አንድ ላይ ሲገቡ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው፣ መቀላቀል አለመቀላቀላቸውን ተፈጥሯቸው አስቀድሞ ወስኖታል ብላችኋል።

አልወሰነውም! ዘይትና ውሃ ያለበትን ጠርሙስ ብታጋድሙት፣ ብታቆሙት፣ ሳህን ላይ ብትገለብጡት ያው ዘይትና ውሃ ነው። የእኛ ጋዞች ግን እንደዚያ አይደሉም። የያዛቸው የሌዘር ወጥመድ ቅርጹ ሲቀየር ወይም ማግኔታዊ መስኩ አቅጣጫውን ሲያዞር በመካከላቸው ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይለወጣል።

ዘጋቢያችሁ ያሰበው ሩቢዲየም የተባለውን ብረት ብቻ ይመስለኛል። የሩቢዲየም አቶም ማግኔትነቱ ደካማ ነው። ከፍጹም ዜሮ (ከእሱ በታች ቅዝቃዜ ከሌለው) በላይ በዲግሪ ቢሊዮንኛ በሚለካ ሙቀት ውስጥ አቶሞቹ የሚተዋወቁት በጣም ሲቀራረቡ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሂሳቡም ቀላል ነው። አንዱ ሌላውን የሚገፋው የራሱን ወገን ከሚገፋው በላይ ከሆነ ይለያያሉ፣ ካነሰ ይቀላቀላሉ። እዚህ ላይ እንኳ «አስቀድሞ ተወስኗል» የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮሎራዶ በሚገኘው ጂላ የተባለ ተቋም በአቶማቸው ክብደት የሚለያዩትን ሁለት የሩቢዲየም ዓይነቶች፣ ሩቢዲየም 85ን ከሩቢዲየም 87 ጋር አስገብተው፣ የማግኔታዊ መስኩን መጠን እየቀያየሩ ሲቀላቀሉም ሲለያዩም አሳይተዋል።

አሁን አቶሞቻቸው ብርቱ ማግኔት ወደሆኑት ብረቶች፣ ወደ ኤርቢየምና ዲስፕሮሲየም እንምጣ። የአቶም ማግኔትነት በሚለካበት በቦር ማግኔቶን ሩቢዲየም 1 ገደማ ነው። ክሮሚየም 6፣ ኤርቢየም 7፣ ዲስፕሮሲየም 10። ኃይሉ የሚሰላው የሁለቱን ማግኔትነት በማባዛት ስለሆነ፣ በእኩል ርቀት ላይ በሁለት ዲስፕሮሲየሞች መካከል ያለው በሁለት ሩቢዲየሞች መካከል ካለው 100 እጥፍ ይሆናል። በኤርቢየምና በዲስፕሮሲየም መካከል ደግሞ 70 እጥፍ። ይህ በምን ሂሳብ ነው ሳይጠቀስ የሚታለፈው?

ይህ ኃይል ደግሞ አቅጣጫ ይመርጣል። አቶሞቹ በመስኩ ወደ አንድ ወገን ዞረው ሳለ ፊትና ኋላ ከተሰለፉ ይሳሳባሉ፤ ጎን ለጎን ከቆሙ ይገፋፋሉ። መሃል ላይ፣ አቶሞቹን የሚያገናኘው መስመር ከመስኩ 54.7 ዲግሪ ገደማ ሲያጋድል፣ ኃይሉ ዜሮ ይሆናል። በመስኩ አቅጣጫ የረዘመ ቀጭን ወጥመድ መሳሳቡን ያበዛል። መስኩ ቀጥ ብሎ የሚያቋርጠው ጠፍጣፋ ወጥመድ ደግሞ መገፋፋቱን። በዚያ ላይ ኃይሉ ከርቀት ይደርሳል፤ ሁለቱ ደመናዎች ተለያይተው ቢቀመጡም አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይለውጣል። ዘይት ውሃን ሳይነካው ሲገፋው ያየ ሰው አለ?

ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በፊዚክስ ተመራማሪዋ ፍራንቼስካ ፌርላይኖ የሚመራው የኢንስብሩክ (ኦስትሪያ) ቡድን የኤርቢየምና የዲስፕሮሲየም ድብልቅ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳውቋል። በ2022 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ የማግኔቶቹን አቅጣጫ ሲያዞሩ የሁለቱ ደመናዎች መራራቅ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። አቶሞቹ ያው ናቸው። የተቀየረው አቅጣጫው ነው።

እኔ የእነዚህን ድብልቆች ሂሳብ በመሥራት የምኖር ሰው ነኝ። ዘገባ በወጣ ቁጥር ከ1995ቱ የሩቢዲየም ኮንደንሴት (አቶሞቹ በቅዝቃዜ እንደ አንድ ሆነው ከሚንቀሳቀሱበት ጋዝ) ይጀምርና እዚያው ያልቃል። በማግኔታዊ አቶሞች ላይ የምንሠራ ሰዎች እንደሌለን ነው የምንቆጠረው። ከዚህ በፊትም ጽፌላችሁ መልስ የሰጠኝ የለም። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቴ ዘገባችሁን ላከችልኝና «ነገሩ ካለቀ አንተ ታዲያ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም፣ የታተመውን አምና ነው። ግን በጣም አሞኛል።

አላለቀም እኮ! እ.ኤ.አ. በ2016 ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ላይ ዲስፕሮሲየም ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ሲሰባሰብ መታየቱ ይፋ ሆነ። በተለመደው ስሌት መፈራረስ የነበረበትን ጋዝ የኳንተም መዋዠቅ፣ ማለትም ቅዝቃዜ የማያጠፋው ጥቃቅን መናወጥ፣ ደግፎ ያቆመዋል። ሁለት ማግኔታዊ ጋዞች ሲኖሩ ደግሞ ስሌቱ ከዚህ የባሰ የሚገርም ነገር ያሳያል። ሳይቀላቀሉ፣ በመሳሳብ ብቻ ተጣብቀው አንድ ጠብታ የሚሆኑ ጋዞች ሊኖሩ ይችላሉ። አይቀላቀሉም፣ አይለያዩምም። ይሄ በየትኛው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያቺን አረፍተ ነገር አርሙ። ከዘገባው ጋር ያወጣችሁት ሥዕል ላይም አቶሞቹ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ኳስ ላይ የማግኔትነቱን አቅጣጫ የምታሳይ አንዲት ቀስት ሳሉ፣ መስኩ ወዴት እንደሆነም ከሥሩ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ