አይጧ ቫይታሚን ሲ ራሷ ትሠራለች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ቫይታሚን ሲ ቢልሃርዝያ (ከወንዝ ውሃ የሚይዘው የትል በሽታ) የያዛቸውን አይጦች አዳነ ብላችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ ኬሚሴ ድረስ ሄዶ እህቴ ቤት ገብቷል። ልጇ 11 ዓመቱ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ሲዋኝ ይውላል። ሆዱን እየቆረጠው ደም የቀላቀለ ሰገራ ሲወጣው፣ እናቱ ገጹን በመቀስ ቆርጣ ፋርማሲ ይዛ ሄደች። የሚታኘከውን ብርቱካናማ የቫይታሚን ሲ ክኒን ገዝታለት ሦስት ሳምንት አኘከ። በስልክ ስቆጣት፣ «አንቺው የሠራሽበት ነገር አይደል? አይጦቹ ድነዋል ይላል እኮ!» አለችኝ።

አይጦቹንማ አውቃቸዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ 24 ዓመት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ቀንድ አውጣዎቹን ውሃ ባለው ብርጭቆ አድርገን አምፖል ሥር ስናስቀምጣቸው የትሉን እጭ ይለቃሉ። ከዚያ የአይጧን ጭራ እዚያ ውሃ ውስጥ ነክረን መያዝ ነው፤ እጩ በቆዳዋ ይገባል። ከሰባት ሳምንት በኋላ ስትከፈት ጉበቷ ነጭ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። እያንዳንዷ ነጥብ ሰውነት በአንድ እንቁላል ዙሪያ የሠራው እባጭ ናት። ትሉ ራሱ ጉበት ውስጥ አይደለም፤ አንጀት አካባቢ ባለው ደም ሥር ወንዱ ሴቷን አቅፎ ይኖራል፣ እሷም በቀን 300 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ከፊሉን ደሙ ወደ ጉበት ይወስደዋል።

ቫይታሚኑ የሚረዳው ጉበቱን ነው። ሰውነት እንቁላሉን ሲዋጋ የሚለቀው ኬሚካል የራሱንም ሥጋ ይጎዳል፤ ቫይታሚን ሲና ኢ ያንን ጉዳት ያበርዳሉ። ግብፆች በዚህ ጉዳይ ብዙ አይጥ ከፍተዋል፤ ቫይታሚኑ ትሉን ከሚገድለው መድኃኒት ከፕራዚኳንቴል ጋር ሲሰጥ ጉበቱ የተሻለ እንደሚያገግም ጽፈዋል። «ከፕራዚኳንቴል ጋር» የምትለዋ ናት ከጽሑፋችሁ የወደቀችው።

ሌላም አለ። አይጥ ቫይታሚን ሲን በገዛ ጉበቷ ትሠራለች፤ ሰው አይችልም። እንግዲህ 25 ግራም በምትመዝን፣ ቫይታሚኑን ራሷ በምትሠራ ፍጡር ላይ የታየን ነገር ለ30 ኪሎ ልጅ እንዴት አድርጋችሁ ሰፋችሁለት?

ቫይታሚን ሁሌም ከበሽተኛው ጎን ይቆማል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሙከራ ቫይታሚን ኢ የጎደለው ቀለብ የተሰጣቸው አይጦች ወባን በተሻለ ተቋቁመዋል። የወባው ጥገኛ ተሕዋሲም እንደኛው በኦክስጅን ይቃጠላላ፤ ቫይታሚኑ ለእሱም ከለላ ነው! ያን ያነበብኩ ቀን ለባልደረቦቼ ሳወራ የሳቁብኝን አልረሳም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኬሚሴ ወርጄ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ማይክሮስኮፑን እኔም እንዳይ ፈቀዱልኝ። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው የቢልሃርዝያ እንቁላል፣ ጀማሪ ተማሪ የማይስተው፣ አንድ ስላይድ ላይ ብቻ አራት ቆጠርኩ። ከሦስት ሳምንት ቫይታሚን በኋላ መሆኑ ነው። ባለ 600 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል ሁለት ክኒን በአንዴ ዋጠ፤ ስለመረረው ፊቱን አኮማትሮ እኔን ነበር የሚያየኝ። ይኼው መድኃኒት በየትምህርት ቤቱ በነፃ ሲታደል የእህቴ ልጅ የዚያን ቀን ቀርቶ ነበር፤ ወንዝ ሄዶ።

እርማት የምታወጡ ከሆነ በደብዳቤዎች ገጽ ሳይሆን እዚያው ጤና ዓምድ ላይ አውጡልኝ። እህቴ በመቀስ የምትቆርጠው እሱን ነው።

ጡረተኛ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ከአዲስ አበባ