የሳይንስ ክበብ፦ ነፍሳት በምን ያሸታሉ?

ክበባችን ብዙ ርዕስ ይጀምርና ግማሹን ሳይነካው ዓመቱ ያልቃል። ዘንድሮ ግን አንድ ጉዳይ ብቻ ያዝን። ሰበቡ የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል ጥያቄ ነው፤ «ዝንብ አፍንጫ የላትም፤ ታዲያ የበሰለ ፍሬ ያለበትን በምን ታውቃለች?» አለች።

የመጀመሪያው መንፈቅ ማይክሮስኮፕ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። የሞተች የእሳት ራት አንቴና፣ ማለትም ከራሷ ላይ የሚወጣውን ማሽተቻ፣ ስላይድ ላይ አስቀመጥን። በዓይን ሲያዩት ላባ የሚመስለው ነገር ሲጎላ በጥቃቅን ፀጉሮች የተሞላ ነው። ሽታ የሚገባው በእነዚህ ፀጉሮች ግድግዳ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ቀዳዳዎቹን ለማየት ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ለኛ አይታሰብም። ወረፋው ላይ ስለነበረው ግፊያ ባላወራ ይሻላል።

እንቆቅልሹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፀጉሩ ውስጥ ውሃማ ፈሳሽ አለው። የሽታ ሞለኪውሎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዘይት ጋር እንጂ ከውሃ ጋር አይዋደዱም። ሽታውን የሚቀበለው የነርቭ ሴል ያለው ከፈሳሹ ማዶ ነው። እንዴት ይሻገራሉ? እ.ኤ.አ. በ1981 ሪቻርድ ቮግት እና ሊን ሪዲፎርድ ፖሊፌመስ በምትባል ትልቅ የእሳት ራት ወንድ አንቴና ውስጥ የሴቷን ፌሮሞን፣ ማለትም ለመሰሎቿ መልእክት የምታስተላልፍበትን ሽታ፣ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ፕሮቲን አገኙ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ነፍሳትም ብዙ ዘመዶቹ ተገኝተዋል። ሽታ ያዥ ፕሮቲኖች እንላቸዋለን።

ልጆቹ ፕሮቲኑን በሽቦ ሠሩት። 6 ጥምዝምዞች፣ እነሱን የሚያስተሳስሩ 3 የድኝ ድልድዮች፣ መሐሉ ላይ ኪስ። የሐር ትል የእሳት ራት ፕሮቲን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲታወቅ ፌሮሞኑ እዚያ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ነው የታየው። በጣም የወደድነው ጭራውን ነው። አሲድነት ሲጨምር የፕሮቲኑ ጭራ ይጠመዘዝና ኪሱ ውስጥ ይገባል፤ ፌሮሞኑም ቦታ ያጣል። ይህ የሚሆነው ነርቩ ሽፋን አጠገብ ነው ተብሎ ይታሰባል። ሽቦውን አጥፈን ኪሱ ውስጥ ስንከተው በፌሮሞን ፈንታ ያስቀመጥናት የወረቀት ኳስ ዱብ አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

በሁለተኛው መንፈቅ ክርክር አዘጋጀን፦ «ይህ ፕሮቲን በርግጥ ሽታን ፈሳሹን የሚያሻግር ተሸካሚ ነው?» አንደኛው ወገን ሉሽ የተባለውን የፍራፍሬ ዝንብ ሽታ ያዥ ፕሮቲን ይዞ ቀረበ። ሉሽ የሌላቸው የፍራፍሬ ዝንቦች ለወንዶቹ ፌሮሞን የሚሰጡት ምላሽ ክፉኛ ይደክማል። ሌላው ወገን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አመጣ። ከአንድ ዓይነት ፀጉር ውስጥ በብዛት ያለውን ፕሮቲን ሲያጠፉት ነርቮቹ ሽታውን መለየት አላቆሙም፤ እንዲያውም ድንገተኛ ሽታ ሲመጣ ምላሻቸው በረታ። እንግዲህ ምናልባት ሥራው ማሻገር ብቻ ሳይሆን የሽታውን ግፊት ማርገብም ይሆናል አሉ። በዚህ መሐል አንድ ልጅ ተነስቶ የወባ ትንኝን አነሳ። ዲት የተባለው ትንኝ ማባረሪያ ከአንዱ የትንኟ ሽታ ያዥ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ ፕሮቲኑ ክሪስታል ሆኖ ቅርጹ ሲጠና ታይቷል፤ «ክርክሩ ቢቀጥልም ጥቅሙ አይቀርም» ብሎ አስጨበጨበ።

ዳኛ አልመደብንም ነበር። ሁለቱም ወገን አሸንፌያለሁ ብሎ ወጣ። በበኩሌ፣ «ተሸካሚ ነው» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፍ ማብራሪያ ከዚህ በኋላ አያረካኝም። አንዱ ፕሮቲን ያሻግራል፣ ሌላው ያረግባል፤ ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ብቻውን ሥራቸውን አንድ አያደርገውም።

ለመጪው ዓመት ንብን መርጠናል። የፍራፍሬ ዝንብ የዚህ ፕሮቲን 50 ያህል ዓይነት ሲኖራት ንብ ያላት 21 ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ አበባ ስታሸት የምትውል ፍጥረት በዚህ እንዴት ተብቃቃች? ልጆቹ ከወዲሁ መከራከር ጀምረዋል። የማይክሮስኮፑ መብራት ግን ክረምቱን ይጠገንልን።