ፊልሙን ከመድገምህ በፊት

ባሕር ዳር

ይድረስ ለወንድምዓለም፤

እንዴት ባጀህ? ክረምቱስ እንዴት አለፈ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን መልእክትህ በፊልም ጨዋታ መጀመሩ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። የዝምታችንን ወቀሳ ስንገናኝ እንጨርሰዋለን፤ አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ።

ከሰሞኑ ፊልሞች የትኞቹ ይታዩ ብለሃል። ደግሞ የድሮ ተከታታዮችን ከባለቤትህ ጋር ከመጀመሪያው ልትደግሙ አስባችሁ «መጨረሻውን እያወቅነው ይሰለቸን ይሆን?» ብለሃል። ከኋለኛው ልጀምር። መጨረሻውን ያወቀ ሰው «ምን ይመጣ ይሆን» ከሚለው ጭንቀት ይገላገልና ጥግ ላይ የቆመውን፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጠውን፣ እጁን የሚደብቀውን ማየት ይጀምራል። ስለዚህ መሰልቸትን አትፍራ። እኔ የምፈራው የተበላሸ ኮፒ ነው። ጥጉ ተቆርጦ፣ ፊቱ ተለጥጦ፣ ትርጉሙ ከንግግሩ ቀድሞ እየመጣ ምኑን ታየዋለህ?

«አዲሱ ቴሌቪዥን ፊልሙን ዜና አስመሰለው» ላልከው ምክንያቱ ይህ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሴኮንድ 24 ምስል ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 50 ወይም 60፣ አንዳንዱም 120 ጊዜ ምስል ያድሳል፤ ክፍተቱን ለመሙላት በሁለት ምስሎች መካከል ራሱ የፈጠራቸውን ይሰካል። እንቅስቃሴው ከልክ በላይ ይለሰልስና ትወናው የልምምድ ቀረጻ ይመስላል፤ እጅ በፍጥነት ሲወዛወዝ ዙሪያው ይንቀጠቀጣል። ማጥፊያው የምስል ማስተካከያው ውስጥ ነው። ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ ብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ «ፊልምሜከር ሞድ» የሚል ታገኛለህ፤ እሱን ከመረጥህ ማለስለሻውንም የተጋነነውን ሻርፕነስም (የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን) ባንዴ ያጠፋልሃል። ከሌለ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለውን ምረጥና ሻርፕነሱን ዝቅ አድርግ። ቀለሙ መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይልብሃል፤ ታገሥ፣ ዓይን ይለምደዋል። አንድ ነገር ልብ በል፦ ብዙው ቴሌቪዥን ማስተካከያውን የሚይዘው በየመግቢያው ነው፤ በኤችዲኤምአይ ያስተካከልከው በፍላሽ ስታይ ላይሠራ ይችላል። ለኳስ ማለስለሻውን መልሰህ ብታበራው ግን አልከራከርህም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የድሮ ተከታታይ ድራማ የተሠራው ለ4 ለ 3 ስክሪን ነው፤ ስፋቱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ማለት ነው። የአሁኑ ቴሌቪዥን 16 ለ 9 ስለሆነ ግራና ቀኝ ጥቁር ይቀራል። ያ ጥቁር ጤንነት ነው፤ አትንካው! ሪሞቱ ላይ ስክሪኑን ሙላ የሚለውን ከተጫንህ ሰው ሁሉ በሲሶ ይሰፋል፤ ቀጭኑ ተዋናይ ሳይቀር ወፍሮ ይወጣል። «ዙም» ካልክ ደግሞ ስፋቱ ይስተካከልና ከቁመቱ ሩብ ይቆረጣል፤ ከላይ የራስ ቅል፣ ከታች እጅና ጠረጴዛ ይሄዳል። ይህን ስህተት ትልልቆቹም ይሠሩታል። «ሳይንፌልድ» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ በ2021 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ ምስሉ ለሰፊ ስክሪን ተብሎ ከላይና ከታች ተቆርጦ ነበር። መንገድ ላይ ስላለ ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ላይ ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ውጭ ቀረ። ሰዎቹ ቁልቁል እያዩ ያወራሉ፣ ተመልካቹ የሚያዩትን አያይም። ቀልዱ እዚያው ሞተ።

በሌላ በኩል «ዘ ዋየር» የተባለውን የአሜሪካ የወንጀል ድራማ እንውሰድ። 60 ክፍል ነው፣ በ4 ለ 3 ነው የተላለፈው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባለቤቱ ኤችቢኦ ከኦሪጅናሉ ፊልም ተነሥቶ በሰፊው አወጣው። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ሳይመን አንዳንዱ ትዕይንት በሰፊው እንደተሻለ፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደተጎዳ በግልጽ ጽፏል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው አዲሱ ይበቃል፤ ለሚደግም ግን አሮጌውን ብታገኝ እሱን ምረጥ። ጠባቡ ምስል ሰዎቹን እርስ በርስ ያስጠጋቸዋል፣ ክፍሉም ያፍናል፤ ለዚያ ታሪክ የሚስማማውም ይኸው ነው።

በዲጂታል የተቀዳ የሀገር ውስጥ ድራማም ተለጥጦ ይገኛል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ክብ የሆነ ነገር ፈልግ። የመኪና ጎማ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የሲኒ አፍ እንቁላል ከመሰለ ተለጥጧል። ቪኤልሲ በሚባለው የኮምፒውተር ፊልም ማጫወቻ ላይ «ኤ» የሚለውን ቁልፍ እየተጫንህ 4 ለ 3 ላይ ስታደርሰው ይስተካከላል።

ስለ ሰብታይትል፣ ከምስሉ ሥር ስለሚጻፈው ትርጉም፣ ያስቸገረህ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ትርጉሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከቀደመ ወይም እኩል ከዘገየ መንሸራተት ብቻ ነው። ቪኤልሲ ላይ ቀድሞ ሲመጣ «ኤች»ን፣ ሲዘገይ «ጂ»ን ትጫናለህ፤ አንዱ መጫን 50 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ 20 ጊዜ ስትጫን አንድ ሴኮንድ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ተገጣጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን በዚህ አትድከም። ለአውሮፓ ቴሌቪዥን የተዘጋጀ ኮፒ 24ቱን ምስል ወደ 25 አፍጥኖ ያጫውተዋል፤ ሰብታይትሉ ደግሞ ለ24 የተሠራ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ ወደ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይደርሳል። «ሰብታይትል ኤዲት» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍሬም ሬት (በሴኮንድ ያለውን የምስል ብዛት) ቀይር የሚለው ውስጥ ገብተህ ከ23.976 ወደ 25 ብትለው አበቃ፤ 24 የምንለው በፋይሉ ላይ ብዙ ጊዜ 23.976 ተብሎ ነው የሚጻፈው። ለነገሩ የፊልሙ ርዝመት ራሱ ይነግርሃል፦ 140 ደቂቃ የሚባል ፊልም ፋይሉ ላይ 134 ደቂቃ ካሳየህ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ ነው እንጂ ተቆርጦ አይደለም።

የአማርኛው ትርጉም አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የሚወጣው ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ፎንት ስለሌለው ነው። ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ፣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው አመዘጋገብ) አስቀምጠህ ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ብታጫውተው ኮምፒውተሩ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ፎንት ያነብልሃል። ለእማማ በፍላሽ የምትሰጣት ከሆነ ግን «ሃንድብሬክ» በሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትምላት፤ ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቴሌቪዥን ይታያል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ትርጉም ካገኘህ ምንም ብታደርገው የተዘበራረቀ ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

የቀረውን ባጭሩ። ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ ፋይሉ ኤች 265 በሚባለው አዲስ የምስል መጭመቂያ የተጨመቀ ነው፣ ቴሌቪዥኑም አሮጌ ነው። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ድምፁ ብዙ ቴሌቪዥን የማያነበው ዲቲኤስ የሚባል ዓይነት ይሆናል፤ ድምፁን ብቻ ኤኤሲ ወደሚባለው ቀይር፣ ምስሉን አትንካ፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ፍላሹ «ቦታ የለም» ካለህና ቦታ ካለው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ስለተዘጋጀ ነው፤ በዚያ አሠራር አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም።

ምን ትድገሙ? ከውጭዎቹ «ብሬኪንግ ባድ»ን ከፊት አስቀምጣለሁ። 62 ክፍል ነው፤ በየማታው ሁለት ሁለት ብታዩ በአንድ ወር ታልቃለች። ሁለተኛው ሲዝን ላይ ስትደርሱ 1ኛው፣ 4ኛው፣ 10ኛውና 13ኛው ክፍል አጀማመራቸውን አስተውሉ፤ በጥቁርና ነጭ ምስል ውስጥ ሮዝ የአሻንጉሊት ድብ ብቻ ቀለም አላት። የአራቱን ክፍሎች ርዕስ በተርታ ጻፉት፤ የሲዝኑን መጨረሻ ከመጀመሪያው ይናገራል። ሲታይ የነበረ፣ ብዙ ሰው ያላነበበው ነገር ነው። ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን «ባለፈው ክፍል» እለፉት። እሱ የሚመርጠው ዛሬ የሚነሣውን ነገር ብቻ ስለሆነ የደራሲውን ምሥጢር አስቀድሞ ያወጣባችኋል።

ከእኛ «ሰው ለሰው»ን ድገሙ። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ በሚናገርበት ትዕይንት ላይ እሱን ትታችሁ የሚያዳምጡትን ሰዎች ተመልከቱ። የቱርኮቹን ከመረጣችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ፦ እዚያ ሀገራቸው አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው፤ ለውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆራረጠ ነው። ነገሩ መሐል ላይ ተቋርጦ «ይቀጥላል» የሚለው ለዚህ ነው። ሦስት ሦስቱን አያይዛችሁ ብታዩ የደራሲው አካሄድ ተመልሶ ይገጥማል።

ከአዲሶቹ ሦስት ብቻ። «ፐርፌክት ዴይስ» የ2023 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው፤ ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ ሰው ታሪክ፣ ንግግሩ ጥቂት። አዲስ ሆኖ ሳለ በ4 ለ 3 ነው የተሠራው፤ እንዳትለጥጠው አደራ። «ኦፐንሃይመር»፣ የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ የመራው ሳይንቲስት ታሪክ፣ 180 ደቂቃ ነው፤ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ሲመጣ ሲሄድ ብታይ ኮፒው አልተበላሸም፣ በሁለት ዓይነት ካሜራ የተቀረጸ ስለሆነ ነው። ባለቀለሙ በኦፐንሃይመር ዓይን፣ ጥቁርና ነጩ በባላንጣው በስትራውስ ወገን ነው፤ ይህን ይዘህ ካየኸው ጊዜው አይምታታብህም። «ዘ ዞን ኦቭ ኢንተረስት»ን ግን በቴሌቪዥኑ በራሱ ድምፅ አትየው። በድምፅ ኦስካር ያገኘ ፊልም ነው፤ ዓይን የሚያየው አትክልት የተተከለበት ግቢ ነው፣ ከግንቡ ማዶ አውሽዊትዝ በተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ያለውን ግፍ የምታውቀው በጆሮህ ብቻ ነው። ጥሩ ስፒከር ከሌለህ በኢርፎን እየው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እዚህ አብረን ብናየው እመርጣለሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በዓመቱ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት ያገኘ ነው። ዋናው ሰውዬ አንበርብር እያነከሰ መንደሩ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው እግሩ ምን ሆነ ብለህ ነው፤ መልሱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ስትደግመው ግን የእናቱን ፊት ታያለህ።

ግቢው ውስጥ በፕሮጀክተር እናየዋለን፤ ፕሮጀክተሩን አንተ ይዘህ ትመጣለህ፣ አቡጀዴውን እኔ እገዛለሁ። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ምስል ቁመቱ አንድ ሜትር ከ12 ሳንቲም ይሆናል፤ ያንተ ዓይነቱ መሣሪያ የስፋቱን አንድ ጊዜ ተኩል ርቀት ስለሚፈልግ ሦስት ሜትር ላይ እናስቀምጠዋለን። አቡጀዴ ብቻውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ እደርብበታለሁ። ታችኛውን ጠርዝ ዱላ አስገብቼ እወጥረዋለሁ፤ የሐይቁ ነፋስ ካወዛወዘው ምስሉ ይደበዝዛል። ከመምጣትህ በፊት ማስተካከያው ውስጥ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚለውን አብራ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ1,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው በፍጥነት ካልዞረ ሙቀቱ ይበዛና መሐል ላይ ይጠፋል። መብራት ድንገት ቢሄድ አምፖሉ እንደጋለ ማራገቢያው መቆሙ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ በዩፒኤስ (በመጠባበቂያ ባትሪ) በኩል እንሰካው። ፊልሙን ለመጨረስ አይበቃም፣ በወጉ ለማጥፋት ግን ይበቃል። የግቢውን አምፖል ሩቅ ጥግ ላይ እተወዋለሁ፣ ትንኙ ወደዚያ እንዲሄድ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አንጀምርም፤ ሙሉ በሙሉ ካልጨለመ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ነው።

ሀርድ ዲስክህ ላይ «ጤዛ» ካለህ ርዝመቱን አይተህ ጻፍልኝ፤ 140 መሆን ሲገባው 134 ደቂቃ ከሆነ ሌላ ኮፒ እፈልጋለሁ። የምትመጣበትንም ቀን ሳትዘገይ ንገረኝ። ለእማማና ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ