ወደ ሲያትል ከመሄድሽ በፊት

ልጄ፣ የኔ እናት፣

ሐሙስ ማታ ሻንጣሽን እያሰናዳሽ «የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርቱ ኦንላይን አይደል፣ ከሲያትልም እማረዋለሁ» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። በስልክ ስለምታቋርጪኝ ነው የምጽፍልሽ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ ኮሌጁ በጽሑፍ ሳይመልስልሽ የሚቀጥለውን ሴሚስተር አትክፈዪ።

ኦንላይን የሆነው ንባቡና ፈተናው ነው። ክሊኒካሉ በሽተኛ ፊት ቆመሽ የምትሠሪው ስለሆነ የሚገዛው የቆምሽበት ስቴት ሕግ ነው። የምዝገባ ክፍሉ ሰው «በሁሉም ስቴት ተፈቅዶልናል» ሲልሽ ሳራ (SARA) የሚባለውን የስቴቶች ስምምነት ማለቱ ይሆናል። ከካሊፎርኒያ በቀር ስቴቶቹ ሁሉ አሉበት። ሳራ ግን ኮሌጁ በርቀት እንዲያስተምር ነው የሚፈቅደው፤ የነርሲንግ ቦርድን ፈቃድ አይተካም። የዋሽንግተን ስቴት ቦርድ ደግሞ ከሌላ ስቴት የመጣ ፕሮግራም ተማሪውን እዚያ ክሊኒካል ከማስገባቱ በፊት ለብቻው እንዲያስፈቅድ ያዛል። የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ያወጣል። የኮሌጁን ስም ስላየሽ ብቻ ደስ አይበልሽ፤ ለፋሚሊ (ለቤተሰብ ሕክምና) ዘርፍ የተፈቀደለት ለሳይኪያትሪክ (ለአእምሮ ሕክምና) ላይፈቀድለት ይችላል። ያንቺን ዘርፍ ፈልጊ።

ከሐምሌ 2024 (እ.አ.አ.) ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ኮሌጆች ፕሮግራማቸው ተማሪው ላለበት ስቴት የላይሰንስ መስፈርት የሚበቃ መሆኑን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። ግን የሚታየው ስትመዘገቢ የነበርሽበት ስቴት ነው። አንቺ የተመዘገብሽው ከሜሪላንድ ነው። መሃል ላይ ስቴት ከቀየርሽ ደንቡ አይከተልሽም።

ያኔ ስትመዘገቢ አጠገብሽ ተቀምጬ የጠየቅኩሽ ስለ ክፍያው ብቻ ነው። ነርስ ሆኜ፣ የቦርዱን ዝርዝር ክፈቺ ማለት ሲገባኝ! እስካሁን ይቆጨኛል።

የእኛን አድራሻ ልስጣቸው እንዳልሽ ከወንድምሽ ሰምቻለሁ። አይሆንም! የክሊኒካል ሰዓትሽ የሚመዘገበው ፕሪሴፕተርሽ፣ ማለትም ሥራ ላይ የምታሠለጥንሽ ባለሙያ፣ በምትሠራበት ክሊኒክ ነው፤ የእኛ ቤት ቁጥር አያድንሽም። የነርስ ላይሰንስሽም አለ። ሁለቱም ስቴቶች በኮምፓክቱ (የአንዱ ስቴት የነርስ ላይሰንስ በሌላውም እንዲሠራ በሚያደርገው ስምምነት) ውስጥ ስለሆኑ መኖሪያሽን ስታዛውሪ በ60 ቀን ውስጥ ለዋሽንግተን ማመልከት አለብሽ። መንጃ ፈቃድሽና የግብር ወረቀትሽ እዚያ፣ ላይሰንስሽ እዚህ ሆኖ ከቀረ ችግር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ኢሜይሉን ለምዝገባ ክፍል ሳይሆን ለፕሮግራም ዳይሬክተሯና ለክሊኒካል አስተባባሪው ጻፊ። ዘርፍሽን በስሙ ጠርተሽ፣ ክሊኒካል የምትጀምሪበትን ወር ጨምረሽ እንዲህ ጠይቂ፦ የዋሽንግተን ስቴት ቦርድ ለዚህ ዘርፍ ክሊኒካል ፈቅዶላችኋል? ፈቃዱ እስክመረቅ ይቆያል? ሲያትል ውስጥ ውል ያላችሁ ክሊኒክ አለ? ፕሪሴፕተር የሚፈልገው ማነው፣ እኔ ወይስ እናንተ? «ኮርሱን ከየትም ቦታ መከታተል ይቻላል» ብለው ከመለሱ መልስ አይደለም፤ ስለ ኮርሱ አልጠየቅሽም፤ መልሰሽ ጠይቂ። አንዲት ሐኪም እሺ ብትልሽ እንኳ ክሊኒኩና ኮሌጁ ውል እስኪፈራረሙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዛሬ ካልጠየቅሽ ጥር ላይ መቀመጫ ታጪያለሽ።

አልተፈቀደልንም ካሉ አትደንግጪ፣ ሆዴ። ክሊኒካሉን እዚህ ሜሪላንድ መጨረስ ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ መኝታ ክፍልሽ እንዳለ ነው። 750 ሰዓት ቀላል አይደለም፤ ድሮ 500 ነበር፣ የ2022ቱ (እ.አ.አ.) የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት መመዘኛ ነው ከፍ ያደረገው። አለበለዚያ ዝርዝሩ ላይ ወዳለ ፕሮግራም ትዛወሪያለሽ። የአድቫንስድ ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና ፊዚካል አሰስመንት ሲለበሶችሽን (የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫ) ዛሬውኑ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ተቀባዩ ኮሌጅ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እነሱን ነው። ኢሜይልሽ ከተዘጋ በኋላ ማግኘቱ መከራ ነው።

እና ገንዘቡን፣ በጽሑፍ ሳይመልሱልሽ አትክፈዪ።

በርበሬውን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከነጩ ፎጣ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ከልብስሽ ጋር አትቀላቅዪው። ኢሜይሉን ሳትልኪው መጀመሪያ ለእኔ አሳዪኝ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከፈረቃ እወጣለሁ፤ መኪና ውስጥ ሆኜ አነበዋለሁ።

እናትሽ